ከዓመት ፈቃድ የተረፈች አንዲት ቀን

ሰው ዓመቱን ሙሉ በሥራ ሲደክም ቆይቶ የዓመት ፈቃዱን ሲያገኝ፣ ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ መሄዱ የተለመደ ነው። በዚያም ዘመድ ይጠየቃል፤ መርካቶ ይወረዳል፤ ሙዚየም ይጎበኛል፤ በእንጥልጥል የቆየ ጉዳይ ካለም ይፈጸማል። ይህ ሁሉ ተጠናቆ አንዲት ቀን ስትተርፍ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ቦታ አይቶ መመለስ ለአካልም ለመንፈስም የሚበጅ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ይህችን ቀን ሳንመርጥ እናሳልፋታለን፤ ይኸውም ጓደኛ የሄደበትን ወይም መኪና የተገኘበትን አቅጣጫ እንከተላለን። ጸሐፊው ባለፈው ፈቃዱ እናቱን ይዞ አዲስ አበባ በሰነበተበት ጊዜ ያጋጠመው ነገር ለአንባብያን ሳይጠቅም አይቀርም በማለት እንደሚከተለው ቀርቧል።

ለመመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ በወታደር ልማድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሦስት አቅጣጫዎችን አሰፈርሁ። ከየስማቸው ትይዩም ርቀቱን፣ የመነሻና የመመለሻውን ሰዓት፣ በየቦታው የሚታየውን ነገር ዘርዝሬ ጻፍሁ።

የመጀመሪያው ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው እጅግ ቀሏል። የጥንት እሳተ ገሞራ በቦረቦራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙት የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች እርስ በርስ ተቀራርበው ስለሚገኙ፣ በግማሽ ቀን ሁሉንም ማየት ይቻላል። በየዓመቱ ከመስቀል በዓል በኋላ እሬቻ የሚከበረው በዚሁ በሆራ ዳርቻ ነው። ሕፃናት ላሉትና ረጅም መንገድ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው የቡታጅራ መንገድ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጥሬ ይገኛል። በዚህ ሥፍራ የጥንት ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከመሬት ወጥተዋል፤ ባልጭት ከተባለው አጎራባች ሥፍራ ጋርም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚያ ጎራ ሲሉ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። መንገዱን ይዘው ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ብዛታቸው 36 ሲሆን 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ በብዙዎቹም ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጿል። ታሪክ ለሚወድና ለተማሪ ልጆቹ ለሚያስብ ሰው ይህ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ያጠግባል።

ሦስተኛው በእንጦጦ ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፍቼ ከመድረሱ በፊት ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ በገደል ሥር ደብረ ሊባኖስ ይታያል። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው ይህ ገዳም ከአገሪቱ ታላላቅ ገዳማት አንዱ ነው። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይሰማራሉ።

እነዚህን ሦስቱን ካመዛዘንሁ በኋላ ቢሾፍቱን መረጥሁ። ምክንያቴም እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ አጭርና ለስላሳ መንገድ ይሻላታል የሚል ነበር። ማታ እራት ላይ ውሳኔዬን ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ፤ ከዚያም፣

«መንገዱን ለክተሃል፤ ሰዓቱንም ቆጥረሃል፤ እኔን ግን አልጠየቅኸኝም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ጉልበትሽን ብዬ እኮ ነው።»

«ጉልበቴ ያገኘውን ያህል ያደርሰኛል። እኔ አጎቴ የቀረበትን አገር ሳላይ እንዳልሞት ነው የምፈልገው።»

ያን ጊዜ ነበር ልጅ ሳለሁ በከፊል የሰማሁትን ነገር አሟልታ የነገረችኝ። የአባቷ ታላቅ ወንድም በ1929 ዓ.ም. የግንቦት ተክለ ሃይማኖትን ሊሳለም ከመንዝ ተነሥቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ እንደሄደ አልተመለሰም። አባቷም እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን ከቤት ሳይወጣ ይውል ነበር። መቃብሩን ያየ ከቤተሰቡ አንድም ሰው የለም።

የዚያ ዘመን ታሪክ ይታወቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ ፋሺስቶች ገዳሙን በተባባሪነት ወነጀሉት። በግራዚያኒ ትእዛዝ ጄኔራል ማሌቲ ጦሩን ይዞ ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱና ለበዓሉ የመጡት ምእመናን ተለቅመው በመኪና ተጫኑ፤ ከገዳሙ ርቆ ወደሚገኝ ሸለቆ ተወስደውም በመትረየስ ተረሸኑ። ቀኑ ግንቦት 13፣ የጻድቁ ፍልሰተ አጽም የሚከበርበት ዕለት ማግሥት ነበር። ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ገልጿል፤ ከቀናት በኋላም ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተረሽነዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን የሰማዕታቱ ቁጥር ከሺህ በላይ እንደሆነ ያመለክታሉ። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ከእናቴ ቤት የጎደለ ሰው ያለበት መሆኑን ግን በዚያች ማታ ነው ያስተዋልሁት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሣን። እናቴ ወደ ገዳሙ የሚያወርደውን መንገድ በመኪና ሆና ተመለከተች እንጂ አልተናገረችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች፤ ጧፍ አበራች፤ ከዚያም የአጎቷን የክርስትና ስም ለአንድ ካህን ነግራ በጸሎት እንዲታሰብላት ለመነች። ካህኑ መቼ እንዳረፈ ሲጠይቋት «በሃያ ዘጠኝ» ብላ መለሰች፤ እሳቸውም ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ወደ ዋሻው የሚያስወጣውን ዳገት አልሞከርነውም። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንቃችንን በላን፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ለመመለስ ተነሣን። በመንገድ ላይ ጉልበቷን እንዴት እንደሆነች ብጠይቃት፣ «ዛሬ ትዝም አላለኝ» አለችኝ።

ከዚህ በመነሣት ለአንባብያን የሚከተለውን ማሳሰብ ይገባል። በአንድ ቀን አንድ አቅጣጫ ብቻ ይያዝ፤ ሁለቱን ልድረስ ያለ ሁለቱንም ከመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል። ጉዞው በማለዳ ይጀመር፤ የመንገዱ ሁኔታ ከመነሣት በፊት ከአካባቢው ሰው ይጠየቅ፤ በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድም የመጨረሻው መኪና የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድሞ ይወቅ። ወደ ገዳም የሚሄድ የሥፍራውን ሥርዓት ይጠብቅ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣቱም በፊት ፈቃድ ይለምን።

ከሁሉም በላይ ግን ምርጫው ከካርታው በፊት ከተጓዦቹ ይጀመር። ርቀትና ሰዓት አስፈላጊ ቢሆኑም፣ አብሮን የሚጓዘው ሰው ምን ለማየት እንደሚናፍቅ አይነግሩንም። ቢሾፍቱም ጢያም በሚቀጥለው ፈቃድ ይደረስባቸዋል። የአንዲት አሮጊት እናት ምኞት ግን ቀጠሮ አይሰጠውም።