«አድልዎ» ወይስ «ዝንፈት»፦ ሰውን ስንመዝን የሚያጋጥመንን ስሕተት ስለ መሰየም

የሥነ ልቦና ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስን ሰው ከሚያስቸግሩት ስያሜዎች አንዱ፣ የሰው አእምሮ ሳያውቀው ወደ አንድ አቅጣጫ ደጋግሞ የሚሳሳትበትን ጠባይ የሚገልጸው ነው። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በሰፊው ያስታወቁት ይህ ፅንሰ ሐሳብ በአማርኛ «አድልዎ» ሲባል ይታያል። አድልዎ ግን «አደላ» ከሚለው ግስ የወጣ የወቀሳ ቃል ነው። ዳኛ ቢያደላ ይጠየቅበታል። ሳያውቅ የተሳሳተውን «አድልቷል» ብንለው፣ ገለጻው ክስ ይሆናል።

ልዩነቱን የአርሲ ደጋ በሚገባ ያሳየናል። ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከአሰላና ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው፤ አራቱም በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስደዋል። ይህን የሰማ የሩቅ ሰው በአሰላ የተወለደ ሁሉ ሯጭ ይመስለዋል። «ከታላላቅ ሯጮች ብዙዎቹ አርሲዎች ናቸው» ማለትና «ከአርሲዎች ብዙዎቹ ሯጮች ናቸው» ማለት ግን ለየቅል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የአሰላ ከተማ ነዋሪ ብቻ ከ67 ሺህ በላይ ነበር። ቶሎ ትዝ የሚለው ስም ቍጥሩን ጋረደው እንጂ፣ ሰውየው ለማንም አላደላም።

ሁለተኛው ምሳሌ ጉዳቱ ይከፋል። «ካዱ» በሚል ምሕጻር የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ ሲቋቋም፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለመውሰድ ያመነታውን ጭሰኛ በወግ አጥባቂነት መፈረጅ ቀላል ነበር። ይኸው ጭሰኛ ግን ከምርቱ ከፍ ያለ ድርሻ ለባለርስቱ ይሰፍራል፤ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣና ትራክተር ሲገባም የተነቀለው እርሱ ነው። ማመንታቱ ሒሳብ እንጂ ጠባይ አልነበረም። ሊ ሮስ በ1977 እ.ኤ.አ. ስም የሰጠው ስሕተት ይህ ነው፦ የሌላውን ሰው አድራጎት ከኑሮው ሁኔታ ይልቅ ከባሕርዩ መቍጠር። አስተርጓሚ ደግሞ ይህን ዘወትር ያየዋል። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ገበሬ በአማርኛ ሲጠየቅ አጭር መልስ ቢሰጥ «ግትር ነው» ይባላል፤ በቋንቋው ቢጠየቅ ግን ነገሩን ከሥሩ ያስረዳ ነበር።

እንግዲህ ለጥቅሉ ፅንሰ ሐሳብ «ዝንፈት» የተሻለ ይመስለናል። ዛነፈ ማለት ከልኩ ወጣ፣ ተዛባ ማለት ነው፤ በደል አያስቈጥርም። «ዝንባሌ» ለፍላጎትና ለተሰጥዎ ስለ ዋለ አይመችም። «ቅድመ ፍርድ»ም ለአንዱ ዓይነት ብቻ ይስማማል። አንድ መልካም ጠባይ ሌላውን ሁሉ መልካም አስመስሎ የሚያሳይበትን፣ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. የሰየመውን ስሕተት፣ ከቅዱሳን ሥዕል በተወሰደው «አክሊለ ብርሃን» መጥራት ይቻላል፤ ምስሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለምና።

የሚቀረው «ዝንፈት»ን የሚገልጸው ቃል ነው። «የአእምሮ ዝንፈት» ቢባል ዕብደት ይመስላል። «የግንዛቤ ዝንፈት»ም፣ ግንዛቤ በመሥሪያ ቤት አማርኛ «ስለ ነገሩ ማወቅ» ወደሚል ትርጉም ስላዘነበለ፣ መረጃ ማጣት ተብሎ ይነበባል። ስለሆነም እስካሁን ከቀረቡልን «የአስተሳሰብ ዝንፈት»ን መርጠናል።