የጥርስ ሙሌት ሲያረጅ፦ መጠገን ወይስ መቀየር?

የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት (ኮምፖዚት) የተቦረቦረ ወይም የተሸረፈ ጥርስን ለመሙላት ያገለግላል። የሚሠራው ሬዚን ከሚባል ንጥረ ነገርና በጣም ደቃቅ ከሆኑ የመስታወት ብናኞች ሲሆን፣ ሐኪሙ ጥርሱ ላይ ካስቀመጠው በኋላ በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል። ሙሌቱ ከጥርስዎ ስለማይለይ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሊመስልዎ ይችላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ትንሽና በደንብ የተያዘ ሙሌት ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሙሌት ለምን ይበላሻል?

• በጠርዙ በኩል አዲስ መበስበስ ሲጀምር፦ ሙሌቱና ጥርሱ የሚገናኙበት መስመር ደካማው ቦታ ነው። እዚያ ክፍተት ከተፈጠረ ባክቴሪያና የምግብ ቅሪት ይገባሉ፤ ጥርሱም ከሙሌቱ ሥር መበስበስ ይጀምራል።
• ጠንካራ ነገር ሲነከስ፦ በቆሎ መሐል ያለ ጠጠር፣ አጥንት፣ ወይም ቆርኪ በጥርስ መክፈት ሙሌቱንም ጥርሱንም ሊሰብር ይችላል።
• በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስ ሲፋጭ፦ ሙሌቱ ቀስ በቀስ ያልቃል ወይም ይሰነጠቃል።

ሙሌቱ ሰፊ ከሆነና መንጋጋ ጥርስ ላይ ካለ የሚሸከመው ጫና ስለሚበዛ ቶሎ የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• ሲያኝኩ ወይም ሲነክሱ ሕመም መሰማት
• ቀዝቃዛ፣ ትኩስ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲወስዱ ጥርስን መጠዝጠዝ
• በምላስ ሲነኩት መሻከር፣ መሸረፍ ወይም መነቃነቅ
• ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መያዝ
• በሙሌቱ ጠርዝ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር መታየት

የቀለም ለውጥ ብቻውን ሙሌቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቡና፣ ሻይና ሲጋራ የሙሌቱን መልክ ሊያጠቁሩት ይችላሉ። ከሥሩ መበስበስ መኖሩን የሚለየው ሐኪሙ በምርመራ፣ አስፈላጊ ከሆነም በራጅ ነው።

በሌላ በኩል፣ ከሙሌት ሥር ያለ መበስበስ ለረጅም ጊዜ ሳያም ሊቆይ ይችላል። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ መበስበሱ ወደ ነርቩ ሲቀርብ ነው። ያን ጊዜ ሙሌት ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ የጥርስ ሥር ሕክምና ወይም ጥርሱን መንቀል ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ እስኪያምዎ አይጠብቁ።

መጠገን ወይስ መቀየር?

ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጠርዙ ብቻ ከተሸረፈ፣ ሐኪሙ የተጎዳውን ክፍል አንስቶ አዲስ ኮምፖዚት ሊጨምርበት ይችላል። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ማለስለስ ሊበቃ ይችላል። ሙሌቱ በሙሉ በተነሣ ቁጥር ግን ከጤነኛው ጥርስም ጥቂት አብሮ ስለሚነሣ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል።

መበስበሱ ከሥሩ ከተስፋፋ፣ ሙሌቱ ከተነቃነቀ ወይም ከወጣ ግን ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። የቀረው ጥርስ አነስተኛ ከሆነ ጥርሱን የሚሸፍን ክራውን ሊታዘዝልዎ ይችላል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት «መጠገን ይበቃዋል ወይስ መቀየር አለበት? ለምን?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሙሌቱ ከወጣ ምን ላድርግ?

በተቻለ ፍጥነት ቀጠሮ ይያዙ። እስከዚያው በሌላኛው በኩል ያኝኩ፤ ቦታውን በቀስታ ያጽዱ፤ ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጡ። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድዎ ላይ አያስቀምጡ፤ ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይውሰዱ፤ የወጣውን ሙሌት ሊተካም ሆነ መበስበሱን ሊያቆም አይችልም።

ፊትዎ ወይም መንጋጋዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ አፍዎን ለመክፈት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገሩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሙሌትዎ እንዲቆይ

• ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ይቦርሹ። መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ በጥርሶች መካከል ስለማይደርስ የጥርስ ክር ይጨምሩ።
• ስኳር የበዛባቸውን መጠጦችና ጣፋጮች ይቀንሱ፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መውሰድ ይጎዳል።
• ሌሊት ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በእንቅልፍ ጊዜ የሚደረግ መከላከያ ሊሠራልዎ ይችላል።
• ሕመም ባይኖርዎትም ሐኪምዎ በሚወስንልዎ ጊዜ ሙሌቱን ያስመርምሩ።