ተጨማሪ መረጃ፦ የገል ካርታና የኬንቲሽ ታውን መንገድ

ስሟ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1208 በጽሑፍ የተጠቀሰው ኬንቲሽ ታውን ዛሬ የለንደን ሰፈር ብትሆንም፣ በመካከለኛው ዘመን ከከተማዋ ቅጥር በስተሰሜን ምዕራብ በፍሊት ወንዝ ዳር የነበረች መንደር ናት። እንዲህ ያለች መንደር ማሰሮዋን ከየት ታገኝ እንደነበር የሚመረምሩ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በገል፣ ማለትም በተሰበረ ሸክላ ስባሪ፣ ይመራሉ። ገሉ 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በጭቃው ውስጥ ያለው የአሸዋና የማዕድን ቅንጣት የመጣበትን አካባቢ ይጠቁማል፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ዓይነት ሸክላ ድርሻ ከየቁፋሮው ቦታ በክብደት ተሰልቶ በካርታ ላይ ይሰፍራል።

በዚህ መንገድ ወደ ለንደን ከሰሜን፣ ከሃርትፎርድሻየር ደቡብ፣ የመጣው ግራጫ ሸክላ፣ ከምሥራቅ ከኤሴክስ የመጣው «ሚል ግሪን» የተባለው ቀይ ሸክላና ከደቡብ ምዕራብ ከኪንግስተን የመጣው ነጭ ሸክላ ተለይተዋል። በ1260ዎቹ የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ቤተ መንግሥት ከኪንግስተን በሺህ የሚቆጠሩ ማንቆርቆሪያዎችን ማዘዙ በመዝገብ ስለሚገኝ፣ የገሉን ምስክርነት ጽሑፉም ያጸናዋል።

የሸክላው ብዛት ከተሠራበት ቦታ በራቀ ቁጥር መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ውኃ ግን ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል። በፈረንሳይ ምዕራብ፣ በሴንቶንዥ፣ የተሠሩ ያማሩ ማንቆርቆሪያዎች ከጋስኮኝ የወይን ጠጅ ንግድ ጋር በመርከብ ለንደን ደርሰዋልና፣ የሸክላ ካርታን በርቀት መለኪያ ብቻ ማንበብ ከባድ ስሕተት ነው።