የእናት አልጋ ሁለት ጎን

ጡረታ ወጥቻለሁ ብልም የሉማሜ ሰው አላመነኝም። ዛሬም በሬ ይንኳኳል፤ «ሲስተር፣ እስቲ መጥተው ይዩልን» ይሉኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ጥሪ የገባሁበትን ቤት አልረሳውም። እናትየዋ በስትሮክ ግራ ጎናቸው ከድቷቸው ተኝተዋል። በራስጌ በኩል ትልቋ ልጃቸው የጠበል ጄሪካን አስቀምጣ የንስሐ አባታቸውን ትጠብቃለች። በግርጌ በኩል ታናሽ ወንድሟ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ ሳለ ፕሮቴስታንት ሆኗል። ሁለቱ ሰላም ከተባባሉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር።

እኔም ከጥፋት አልዳንሁም። ልጁ ለእናቱ ሊጸልይ ብድግ ሲል፣ «እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የታመመ ሰው አታስጨንቅ» ብዬ አስቀመጥሁት። ቤቱ የእኔ አልነበረም። ታማሚዋም አላማከሩኝም። የተናገርሁት እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ማኅበርተኛ ነው። እናትየዋ በደህናው እጃቸው ፍራሹን መታ መታ አደረጉ። አንደበታቸው ተይዞ ስለነበር ምን ሊሉ እንደፈለጉ አላውቅም፤ ዓይናቸው ግን ልጁ ላይ ነበር።

አፍሬ ወደማውቀው ሥራ ተመለስሁ። እንዲህ የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ፣ አጥንት የሚጫነው ቦታ፣ በተለይ መቀመጫና ተረከዝ፣ ደም መድረስ ያቅተውና ይቆስላል። እየጎተቱ ማዞርም ቆዳ ይልጣል። ከፍ አድርጎ ለማዞር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከትከሻ፣ አንዱ ከዳሌ ይይዛል። «ሌላ የሚያግዝ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ በእምነት ነገር ወንድምና ወንድም መኳረፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገር ከታመሰ፣ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው እምነት ከተመለሰ በኋላ፣ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። ክርክሩ የክርስቶስ መቀባት እንዴት ይተርጎም የሚል ነበር። ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ የተባሉ ወገኖች ተነሡ፤ የቅባት ትምህርት ዋና ቤቱ ጎጃም ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ ምኒልክም ነበሩ። የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፣ ሌላው እንዲቀር ታዘዘ። አዋጅ አፍ ያስይዛል እንጂ ልብ አያሳምንምና፣ የቅባት ነገር በምሥራቅ ጎጃም እስከ ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። የሚያሳዝነው ደግሞ ተከራካሪዎቹ በአንድ ግዕዝ የሚቀድሱ፣ አንድ ጾም የሚጾሙ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ሌላም መንገድ ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ እኛ፣ ግብፆች፣ አርመኖችና ሶርያውያን በአንድ ወገን፣ ግሪኮችና ሩሲያውያን በሌላ ወገን ቆመናል። በ1957 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የእኛን ወገን የሃይማኖት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሰበሰቡ። በዚያው ዘመን የሁለቱ ወገን ሊቃውንት መገናኘት ጀምረው ነበር፤ አራተኛው ስብሰባቸው በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደረግ ውግዘትን ስለማንሣት እስከ መመካከር ደረሱ። አንዱ «ባሕርይ» ሲል ሌላው የሚፈራውን ማለቱ እንዳልሆነ ተረዳዱ። ዛሬም አብረው አይቆርቡም፤ ነገር ግን 1500 ዓመት የቆየ ጥርጣሬ በመደማመጥ ረገበ።

በእኛው ዕድሜ ደግሞ የሲኖዶሱን መከፈል አይተናል። ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሴ ያላት ቤተ ክርስቲያን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ ኖረች። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዕርቅ ወረደ፤ አባታችንም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህ የሹመትና የሥርዓት ጉዳይ እንጂ የእምነት ልዩነት አልነበረም።

ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። አንዱ ልዩነት የቃል ነው፣ መደማመጥ ይፈታዋል። አንዱ የሥልጣን ነው፣ ዕርቅ ይፈታዋል። አንዱ ግን እውነተኛ የእምነት ልዩነት ነው። የእኒያ እህትና ወንድም ልዩነት እንዲህ ያለው ነበር፦ ስለ ቁርባን፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ፣ ስለ ሙታን ጸሎት። «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ማለፍ ቁስል ሳያጥቡ እንደ መሸፈን ነው።

ታዲያ መጽሐፉ ለዚህኛው ምን ይላል? ወደ ሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 14 ላይ ጳውሎስ ስለ መብልና ስለ በዓላት ቀን የተለያዩትን ሰዎች እንዳይናናቁና እንዳይፈራረዱ ይመክራል። እሱ ራሱ ግን ለገላትያ ሲጽፍ፣ ጴጥሮስን በማዕድ ጉዳይ ፊት ለፊት እንደተቃወመው ይናገራል። ስለዚህ አንድነት ዝም መባባል አይደለም።

ሌላ ታሪክም አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ጳውሎስና በርናባስ ማርቆስን ይዘን እንሂድ፣ አንሂድ በሚል ክፉኛ ተጣልተው ተለያዩ። መጽሐፉ ጠባቸውን አልደበቀም፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነም አልፈረደም። ጳውሎስ ግን በኋላ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ያን አልፈልግም ያለውን ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ይጠይቃል፤ ለሥራው ይጠቅመዋልና። ጎረቤታችን ደብረ ማርቆስ ስሟን ያገኘችው በዚሁ ቅዱስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ስንቴ ስሟን ስንጠራ ይህን እናስባለን?

ወደ እናትየዋ ልመለስ። እህትና ወንድም አልጋውን ግራና ቀኝ ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ማንሣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ንግግራቸው ያ ቁጥር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «አንቺ ትንሽ ተኚ፣ የሌሊቱን እኔ እጠብቃለሁ» ሲላት ሰማሁ። እሷ ጠበል ስትረጭ እሱ ወደ ደጅ ይወጣል። እሱ ሲጸልይ እሷ ፈትሏን ይዛ ዝም ትላለች። እኔም አንድ ቀን ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ግድ የለም፣ ሲስተር» አለኝ፤ ፊቱ ግን ወዲያው አልተፈታም።

እናትየዋ ሁለት ወር ቆይተው አረፉ። ገላቸው ሲታጠብ ነበርሁ፤ አንድም የአልጋ ቁስል አልነበረባቸውም።

ቀብራቸው በቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ልጁ ከእድርተኛው ጋር ተሸከመ። በተዝካሩ ላይ ግን እንደገና ተጋጩ። ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም አለ፣ እሷም አለቀሰች። በአርባኛው ቀን ገና ሳይነጋ ሥራ ላግዝ ስሄድ ከጓሮ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ለድግሱ የሚሆነውን እንጨት ፈልጦ፣ ደርድሮ ጨረሰ። ካህናቱ ሳይደርሱ እጁን ታጥቦ ወጣ። እህቱ እስከ በሩ ሸኘችው።

ዛሬም አብረው አይቆርቡም። በየሳምንቱ ግን ይደዋወላሉ።