ባቡሩ በምሥራቅ፣ ሚሲዮኑ በምዕራብ

የሉተራን እምነት ተከታይዋ ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወለጋ ላይ ያርፋል። ድሬዳዋም ምእመናን አሏት፤ ከወለጋዎቹ ከነቀምትና ከአይራ ጋር ግን አይነጻጸሩም። መንገዱን ላሰበ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1902 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድሬዳዋ ሲገባ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና 15 ዓመት ይቀረው ነበር። ታዲያ የሉተራን ሚሲዮናውያኑ ይህን የመሰለ በር ትተው እንዴት ምዕራብ ላይ ሰፉ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ምሥራቁ ቀድሞ ተይዟል የሚል ነው። እውነትነት አለው። ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ባቡሩ ከመምጣቱ ከ20 ዓመት በፊት ሐረር ገብተዋል፤ ልጅ ተፈሪን (የኋላውን አፄ ኃይለ ሥላሴን) ፈረንሳይኛ ያስተማሩት ሞንሰኞር ዣሮሶ ከነሱ ወገን ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነበራቸው። በ1929 የወጣውን የአባ ባትማንን አማርኛ–ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው፣ የርእስ ገጹ ላይ ፓሪስን ሳይሆን ድሬዳዋን ያነባል። ከጣሊያን ወረራ በኋላም የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን የሆኑት ሜኖናይቶች ሐረርጌ ውስጥ ደደር ላይ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ይህ መልስ ግን አይበቃም። ሉተራኖቹ ከመጀመሪያው የፈለጉት ኦሮሞን ነበር፤ ኦሮሞ ደግሞ ሐረርጌም አለ። የሄርማንስቡርግ ጀርመኖች በ1853 «ካንዳዝ» ብለው የሰየሟት መርከብ (የሐዋርያት ሥራዋ ህንደኬ ናት) ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተላከችው ለዚሁ ነበር፤ መግቢያ ስትከለከል ሚሲዮናውያኑን ደቡብ አፍሪካ ናታል አደረሰቻቸው። ማኅበሩ ኢትዮጵያ የገባው በ1927 ነው። የስዊድን ሉተራን ሚሲዮናውያንም በ1866 ምጽዋ ላይ ሲወርዱ ዓላማቸው ያው ነበር፤ ወደ መሀል አገር የሚያስገባ መንገድ አጥተው ብዙ ዓመት ባሕሩ ዳር ቆዩ።

ወለጋን የከፈቱት ግን ፈረንጆቹ አይደሉም። ኢሉባቦር ተወልደው በባርነት የተሸጡት ኦነሲሞስ ነሲብ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው በ1872 ተጠመቁ። እንደሳቸው በባርነት የተያዙትን አስቴር ጋኖን በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሲወስዷቸው የጣሊያን መርከብ ባሕር ላይ አስጣላቸው። ሁለቱ በጋራ ደክመው፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። በዚያው ሰሞን ወንጌላውያኑ ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ከኤርትራ ተነስተው ወለጋ ውስጥ ቦጂ ደረሱ። ኦነሲሞስ በ1904 ወለጋ ሲመለሱ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም፤ ለሰፈሩ ሰው በገዛ ቋንቋው የሚያነብለት ሰው ቀድሞ ደርሶ ነበር። በእኔ ግምት ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው። ሐረርጌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነበር፤ ከውስጡ ወጥቶ ተመልሶ የሚያስተምር ኦነሲሞስም አላገኘም። ለሸቀጥ ባቡር ይበቃል፤ ለሃይማኖት ግን የአገሬው ሰው ያስፈልጋል።

የ1944ቱ የሚሲዮን አዋጅም ካርታውን አጸናው። አገሪቱን «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፈለ፤ ኦርቶዶክስ የሚበዛበት አካባቢ ለውጭ ሚሲዮን ስብከት ተዘጋ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ለኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

በ1959 መካነ ኢየሱስ ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ለጋሾች ለልማት እየሰጡ ለስብከት መንፈጋቸውን በግልጽ ተቹ፤ በ1979 በደርግ ተገደሉ። በ2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ባለመስማማት ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራን አቻዎቿ ጋር ያላትን ኅብረት አቋረጠች። ዛሬ ከዓለም ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በምእመናን ብዛት ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት፤ ወንጌላውያኑን የምታሰማራውም ራሷ ናት።