ጥሩ ኢንስፔክተር ውኃውን ይከተላል

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቤት ለመግዛት የተነሣ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለዳውን ፔይመንቱ ዓመታት ያጠራቅማል፤ ዕቁብ ይጥላል፣ ትርፍ ሰዓት ይሠራል፣ ክሬዲቱን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የታገሠ ገዢ ጥቂት መቶ ዶላር የሚጠይቀው የቤት ኢንስፔክሽን ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ እጁን ይሰበስባል፤ ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ ወይ ከሁሉ የረከሰውን ይፈልጋል። ይህ የቁጠባ ስሌት የተሳሳተ ነው። በቤት ሽያጭ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ሰዎች አንድ በአንድ እንያቸው። ሻጩ ገንዘቡን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ኤጀንቶቹ ኮሚሽናቸውን የሚቀበሉት ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ብድር የሚያመቻቸውም እንደዚሁ። ኢንስፔክተሩ ግን ቤቱ ተገዛም ቀረም ክፍያው ያው ነው። ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው ዋናው ነገርም ይህ ነው፦ ስለ ቤቱ እውነቱን በመናገሩ የማይጎዳ ባለሙያ።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ ባለሙያው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ወስዶ ጣሪያውን፣ ኮርኒሱን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የውኃ መስመሩን፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣውን፣ መሠረቱን ያያል፤ ግድግዳ አያፈርስም፤ በፎቶ የተደገፈ ሪፖርት ይሰጣል። ይህን ሥራ ሌላ ሰው አስቀድሞ ሠርቶልኛል ብሎ ማመን ግን ብዙዎችን የሚያስት ነው። ባንኩ የሚልከው አፕሬይዘር የሚገምተው የቤቱን ዋጋ ነው፤ የሚጠብቀውም የአበዳሪውን ገንዘብ ነው። ይህ ልዩነት ገዢዎችን ስለሚያሳስት፣ መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር ለሚገዙ ሰዎች ግምቱ ኢንስፔክሽንን እንደማይተካ የሚያስረዳ ወረቀት መንግሥት ራሱ አዘጋጅቷል። የሻጩም ቃል ብዙ አያስተማምንም። በቨርጂኒያ ቤቱን መርምሮ የማወቁ ኃላፊነት በአብዛኛው የገዢው ነው። በሜሪላንድ ደግሞ ሻጩ ስለ ቤቱ ሁኔታ በዝርዝር ከመናገር ይልቅ ቤቱን ባለበት ሁኔታ እንደሚሸጥ የሚገልጸውን ቅጽ መምረጥ ይችላል፤ የሚያውቀውን ስውር አደገኛ ጉድለት ግን መደበቅ አይፈቀድለትም።

የጥሩ ኢንስፔክተር ችሎታ ከሁሉ በላይ የሚታየው ውኃ ላይ ነው። ገዢዎች ስንጥቅ ይፈራሉ፣ ያረጀ ኩሽና ያሳስባቸዋል፤ ቤትን በዝምታ የሚበላው ግን ውኃ ነው። 1,000 ካሬ ጫማ ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲጥል ከ600 ጋሎን በላይ ውኃ ይወርዳል። ያ ውኃ በአሸንዳው ተሰብስቦ በመውረጃው ቱቦ ከቤቱ መራቅ አለበት። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ፣ ወይም ቱቦው እዚያው ግድግዳው ሥር ከደፋው፣ ጎርፉ በሙሉ ከመሠረቱ ጎን ወዳለው አፈር ይገባል። በአሜሪካ ተዘውትሮ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አፈሩ ባለፉት ዓመታት ሰጥሞ ወደ ቤቱ ካዘነበለ፣ የረጠበው መሬት የቤዝመንቱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋል። ኮንክሪት ሲደርቅ የሚፈጠር ቀጭን ቋሚ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ በብሎኬት ግድግዳ መሐል አግድም የተዘረጋ ስንጥቅ ግን ግድግዳው ከውጭ እየተገፋ ለመሆኑ ምልክት ነው። ችኩል ኢንስፔክተር “ስንጥቅ አለ” ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ጥሩው ግን ከስንጥቁ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አሸንዳውን ያያል፣ የመሬቱን ዝንባሌ ይለካል፣ ተመልሶ ግድግዳው ላይ የወጣውን ነጭ ዱቄት ይመረምራል። ያ ዱቄት ውኃ ግድግዳውን አልፎ ሲተን ትቶት የሄደው ጨው ነው፤ ቤዝመንቱ በጉብኝቱ ዕለት ደረቅ ቢሆንም ውኃ ሲገባ እንደነበረ ይመሰክራል። በማሞቂያው እግር ላይ ያለ ዝገት፣ ከግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለምም ጥያቄ ያስነሣሉ። መንስኤውን ማወቅ ጥገናውን ይወስናል፦ አንዱ ቤት ቱቦ በማራዘምና አፈር በመሙላት ይድናል፤ ሌላው ብዙ ሺህ ዶላር የሚፈጅ የፍሳሽ ቦይና ፓምፕ ይጠይቃል። ሁለቱን የሚለየው ጊዜ ወስዶ ያሰበ ባለሙያ ነው፤ ርካሽ ኢንስፔክሽን የሚቆጥበውም ያንኑ ጊዜ ነው።

ጥሩ ባለሙያ የቤቱን ዕድሜም ያነባል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በተሠራ ቤት ውስጥ ፖሊቡቲሊን የተባለውን፣ መሰንጠቅና ማፍሰስ ያበዛውን የፕላስቲክ ቧንቧ ይፈልጋል። ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ስለ እርሳስ ቀለም ያስጠነቅቃል። ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ያረጀ ሰፈር ከሆነ፣ ከቤቱ እስከ መንገዱ ያለው የፍሳሽ መስመር የሸክላ ቱቦ ሊሆንና ሥሮች ሊገቡበት ስለሚችሉ በካሜራ እንዲታይ ይመክራል። የቤት ዕድሜ የማይለይ አደጋም አለ፦ ሽታም ቀለምም የሌለው ራዶን የተባለው ጋዝ በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው፤ የሚታወቅም በመለኪያ ብቻ ነው። የካሜራውና የራዶኑ ምርመራ ብዙ ጊዜ በመደበኛው ዋጋ ውስጥ ስለማይካተቱ ለይቶ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ገበያው ሲሞቅ ኢንስፔክሽንን በውሉ ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስገባ ገዢ ቤቱን ለሌላ ሊለቅ ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ቅድመ ሁኔታውን መተውና ምርመራውን መተው አንድ አይደሉም። ሻጩ ከፈቀደ ዋጋ ከማቅረብ በፊት ኢንስፔክተር ይዞ መግባት ይቻላል፤ ቢያንስ ዓይን ገልጦ መወዳደር ነው። “ቤቱ አዲስ ስለሆነ አያስፈልገውም” የሚለው ደግሞ የካውንቲውን ተቆጣጣሪ ሥራ ካለማወቅ ይመጣል፤ እሱ የሚያየው ግንባታው ዝቅተኛውን የሕግ መስፈርት ማሟላቱን ነው፤ አሸንዳው ውኃውን የት እንደሚደፋ ተከትሎ ላያይ ይችላል። “ዘመዴ ኮንትራክተር ነው፣ እሱ ያየዋል” የሚለውም በፍቅር የሚሰጥ ነገር ግን ያልተሟላ መልስ ነው። ዘመድ የሚያውቀውን ሙያ ያያል፤ የኤሌክትሪክ ፓነሉንም ጣሪያውንም መሠረቱንም አያይዞ የሚጽፍ፣ ለሻጩ ማቅረብ የሚቻል ሪፖርት ግን አይሰጥም። ኤጀንቱ የጠቆመውን ባለሙያ መቅጠርም ስሕተት ነው ባይባል፣ ያ ባለሙያ የሚቀጥለውን ደንበኛ ከኤጀንቱ የሚጠብቅ ከሆነ ነጻነቱ ይሸረሸራልና ሌላ ሁለት ሰው ጠይቆ ማወዳደር ይገባል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ሥራው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን አይቶ፣ የቀድሞ ሪፖርቱን ናሙና አንብቦ መምረጥ ቀላል ነው።

ከፍሎ ያስመረመረ ገዢም ቸል ካለ ገንዘቡን ያባክናል። በምርመራው ዕለት ተገኝቶ ከባለሙያው ጋር መዞር፣ “ይህ ቤቴ ቢሆን መጀመሪያ ምን ታስጠግናለህ?” ብሎ መጠየቅ፣ ሪፖርቱን ከማጠቃለያው አልፎ እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። በውሉ ውስጥ የኢንስፔክሽን ቅድመ ሁኔታ ላለው ገዢ ያው አንድ ሪፖርት በተሰጠው ቀን ገደብ ውስጥ ዋጋ ለማስቀነስ፣ ጥገና ለመጠየቅ ወይም ውሉን ለመተው ኃይል ይሰጠዋል። ክሎዚንግ ካለፈ በኋላ ግን ያንኑ ጉድለት የሚያስተካክለው በአብዛኛው በራሱ ገንዘብ ነው። ጥቂት መቶ ዶላሩ የሚከፈለው ገና ምርጫ በእጅ እያለ እውነቱን ለማወቅ ነው፤ ይህን ያህል ትልቅ ዕዳ ለሚፈርም ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ወጪ የለም።