እሾሃማውን ወራሪ ለሥራ ማዋል

አንድን ተክል ወራሪ የሚያሰኘው ከባሕር ማዶ መምጣቱ ብቻ አይደለም። በቆሎና በርበሬም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ገበሬው በፈቀደበት ይዘራቸዋል እንጂ እነርሱ ገበሬውን ከማሳው አያፈናቅሉትም። በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ግን ጠባዩ ሌላ ነው።

ይኸው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ የሆነ እሾሃማ ዛፍ፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ ሲተከል ጥላና ማገዶ እንዲሆን፣ በረሃማነትንም እንዲከላከል ታስቦ ነበር። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ ማለትም የደርግ ዛፍ፣ በማለት የተተከለበትን ዘመን በስሙ አትመውበታል። ከብቶች ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ፤ ጠንካራው ዘር ግን ሳይፈጭ ከእበታቸው ጋር ወጥቶ በወደቀበት ይበቅላል። ጎርፍም ያሰራጨዋል። በዚህ ሁኔታ የግጦሹ ሣር በእሾህ ተውጧል፤ አርብቶ አደሩ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድም ተዘግቷል።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በኬንያ የባሪንጎ ነዋሪዎች በ2006 መንግሥታቸውን በከሰሱ ጊዜ፣ የዚህን ዛፍ ፍሬ በመብላት ጥርሱን ያጣ ፍየል ለማስረጃ ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀርበዋል።

ታዲያ ከዚህ ወራሪ ምን ጥቅም ይገኛል? እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል፤ ለአጥርም ይበጃል። በስኳር የበለጸገው ፍሬው ሳይፈጭ ብቻውን ሲዘወተር ከብትን ቢጎዳም፣ ተፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር ሲደባለቅ ያደልባል። ወፍጮው ከዚህም የበለጠ ውለታ ይውላል፤ ዘሩን ሰባብሮ ዳግመኛ እንዳይበቅል ያደርገዋልና።

ይሁንና ጥንቃቄ ያሻል። ዛፉ ከመሬት በላይ ብቻ ከተቆረጠ ከጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከፊተኛው ይልቅ ይጠቀጥቃል፤ ስለሆነም ከሥሩ ተቆፍሮ መነቀል አለበት። በ2000ዎቹ በአፋር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከፕሮሶፒስ ከሰል እንዲያከስሉ በተፈቀደ ጊዜ፣ በዚሁ ሽፋን አገር በቀል ግራሮችም ለምሣር ተዳርገዋል። ፈቃዱ ያለ ጥብቅ ቁጥጥር ጠላትንና ወዳጅን አብሮ እንደሚመታ ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

እኛ እንደምናምነው ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ከወራሪው ገቢ የለመደ ሰው ወራሪው እንዲጠፋ አይፈልግም፤ ውሎ አድሮም ጠባቂው ይሆናል። ስለዚህ ከሰሉና መኖው የማጥፊያ መሣሪያ እንጂ የማቆያ ምክንያት ሊሆኑ አይገባም። በተነቀለው ዛፍ ቦታ ወዲያውኑ ሣር ወይም ሰብል ይዘራበት፤ ባዶ የተተወ መሬት ለዚሁ ዛፍ ተመልሶ የተሰጠ መሬት ነውና። ከሰል የሚገዛውም ከተሜ ከየትኛው ዛፍ እንደተከሰለ ይጠይቅ።

የሥራው ውጤት መለካት ያለበት በተሸጠው ጆንያ ብዛት ሳይሆን፣ ከብት ተመልሶ በሚግጥበት ሜዳ ስፋት ነው።